ኢንተርኔቱ ለምን ይንቀራፈፋል? ጎረቤትን ከመውቀስ በፊት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ኢንተርኔት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሳቅን። እኛ ከስድስተኛ ክፍል ወጥተን ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን ሰዎች ነን፤ ይህ የልጆች ጉዳይ ነው ብለን ነበር። ነገር ግን አምና የደረሰው ነገር የእድር ጉዳይ እንጂ የልጆች ጉዳይ አልነበረም።

ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከአባሎቻችን አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ፣ ቶሮንቶ የሚኖረው ልጃቸው ለቀብሩ ሊደርስ አልቻለም። ስለዚህ አስከሬኑ ከቤት ከመውጣቱ በፊት በስልክ ቪዲዮ ሽኝቱን እያየ እንዲሰናበት ተባለ። ስልኩ ተደወለ፤ ልጁም ታየ። ወዲያው ግን ምስሉ ደርቆ ቀረ። «አይታየኝም! አይሰማኝም!» የሚለው ድምፁ ብቻ እየተቆራረጠ መጣ። ሰዓቱ ደረሰ፤ አስከሬኑም ወጣ። ልጁ ሳይሰናበት ቀረ።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሐዘኑ ቤት ለብቻው የሚከፍልበት መስመር የለውም፤ ከአዋሳኝ ጎረቤት ጋር የወር ክፍያውን ተካፍለው በአንድ ዋይፋይ ነው የሚጠቀሙት። ቀደም ብሎ ስለ ክፍያው ትንሽ ጭቅጭቅ ነበረ። እናም «ሆን ብሎ ዘጋብን» የሚል ወሬ ከድንኳኑ ወጣ። ጎረቤትየው ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ ሰላምታውን የሚመልስለት አጣ። ሃያ ዓመት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ተኳርፈው ሰነበቱ።

እኛ ለሽምግልና በተላክን ጊዜ፣ በማናውቀው ነገር መፍረድ ነውር ነው ብለን፣ በሰፈራችን የኮምፒዩተር ጥገና የሚሠራ አንድ ወጣት ዘንድ ሄደን ጠየቅነው። «ጋሼ፣ ቀላል ነው፤ ግን ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም» አለን። ዛሬ የምንነግራችሁ እሱ ያስረዳንንና በዓይናችን ያየነውን ነው።

በመጀመሪያ ይህ ነገር ለሐረር እንግዳ አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ራስ መኮንን የሐረር ገዢ ሳሉ የተጀመረው የአገራችን የመጀመሪያ የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኝ ነበር፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር። ያኔ በሽቦው ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ተራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ከተራ ጥበቃ አልወጣም። ተራው እጅግ ፈጣን ስለሆነ አይታየንም እንጂ፣ መስመሩ ሲጨናነቅ ወረፋው ይገለጣል።

ሁለተኛው ነገር ሂሳብ ነው። ውል ስንዋዋል የሚነገረን ቁጥር «ሜጋቢት በሰኮንድ» ነው። ፋይል ስናወርድ ብዙ ጊዜ የምናየው ደግሞ «ሜጋባይት» ነው። ስምንቱ ቢት አንድ ባይት ነው። ስለዚህ 8 ሜጋቢት የገዛ ሰው በሰኮንድ 1 ሜጋባይት ሲወርድለት ቢያይ አልተሰረቀም። ጥራት ያለው አንድ ፊልም ወደ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። በአንድ መስመር ላይ በሁለት ቤት ሁለት ፊልም ከተከፈተ 10 ሆነ ማለት ነው፤ መስመሩ 8 ከሆነ ከየት ይምጣ? የድምፅ ጥሪ ግን ከ0.1 ሜጋቢት ብዙም የሚበልጥ አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ነገር ለምን ይቆራረጣል? እኛን ያስገረመን ይኸ ነው። መዝገብ ቤት ስንሠራ አንድ መስኮት ነበረን። አንዲት ፊርማ ብቻ የሚፈልግ ባለጉዳይ፣ 300 ገጽ መዝገብ ከሚያስገለብጥ ሰው ኋላ ከተሰለፈ፣ ጉዳዩ ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይፈጥንለትም። ራውተር የሚባለውም ዕቃ እንደዚያ መስኮት ነው። በብዙ የቤት መስመር ላይ ከቤት ወደ ውጭ የሚልከው መንገድ፣ ከውጭ ወደ ቤት ከሚያመጣው ይጠብባል። አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ሲልክ ያ ጠባብ መንገድ ይሞላል። ራውተሩም የተረፈውን አልጥልም ብሎ በሆዱ ያጠራቅመዋል፤ የጥሪው ቃላት ከዚያ ክምር ኋላ ይሰለፋሉ። የሚታይ ፊልም ሲሆን ስልኩ ቀድሞ ጥቂት ያጠራቅምና ወረፋው ሲረዝም ከዚያ እየቀነሰ ያሳየናል። ጥሪ ግን ምን ያጠራቅም? ሰው ገና ያልተናገረውን ቃል ማን ያስቀምጠዋል! «ቪዲዮው ደህና ይታያል፤ ጥሪው ነው የሚቆራረጠው» የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። ወጣቱ ቢያጣራ፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩ ሦስት ልጆች በዚያችው ሰዓት የሽኝቱን ቪዲዮ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች እየላኩ ነበር፤ በደግነት እኮ ነው! የዋይፋዩን የይለፍ ቃል የያዙ የሌሎች እንግዶች ስልኮችም፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁ፣ ፎቶ በራሳቸው ወደ ማከማቻ ይልኩ ነበር። ጎረቤትየው ምንም የዘጋው ነገር አልነበረም። ልጁን እናቱን እንዳይሰናበት የከለከለው የእኛው የብዙዎቻችን ፍቅር ነው።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ግድግዳው ነው። ሟቿ እናታችን የኖሩበት ቤት የድሮ ሐረሪ ቤት ነው፤ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ወፍራም ነው። ራውተሩ ያለው ደግሞ በጎረቤት ቤት፣ ከቁም ሳጥን ኋላ። ዋይፋይ ማለት ሬዲዮ ነው። አብዛኛው ራውተር በ2.4 ወይም በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራል። ባለ 5ቱ ይፈጥናል፤ ወፍራም ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ባለ 2.4ቱ ግድግዳን ይሻላል፤ ነገር ግን ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው፤ 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት። በ48 ሄክታር ጀጎል ውስጥ፣ ቤት ከቤት ተደጋግፎ በቆመበት ኡጋ፣ የአሥር ቤት ራውተር በሦስት ቦታ ሲጋፋ አስቡት። ሌላም አለ። ለጌጥ ግድግዳ ላይ የምንደረድራቸው የኢናሜል ሳህኖችና ትሪዎች ብረት ስለሆኑ ሬዲዮውን ይመልሱታል። ስፌቶቹ ግን አያስቸግሩም፤ እናቶች አትደንግጡ። ወጣቱ ራውተሩን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አውጥቶ በበሩ አጠገብ ከፍ አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ ነደባው ላይ ተቀምጠን የያዝነው ስልክ ምልክቱ ሲጨምር አየን። ይህ አንድ ሳንቲም አላስወጣም።

ከቤት ውጭ ያለውን በአጭሩ እንንገራችሁ። መስመሩ የድሮ የመዳብ የስልክ ሽቦ ከሆነ፣ ከጣቢያው በራቀና መጋጠሚያው ዝናብ በነካው ቁጥር ይደክማል። ፋይበር ከሆነ በብርሃን ስለሚሠራ ይህ ችግር የለበትም። ማታ ማታ ሁሉም ከሥራ ሲገባ መንገዱ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ይሞታል፤ ሰፈሩ በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞርና ያም ይጨናነቃል። ከዚህም በላይ አገራችን የባሕር በር የላትም። ወደ ባሕር ማዶ የሚሄደው ቃላችን በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤት አገሮች በኩል ወጥቶ ነው ከባሕር በታች ወደተዘረጋው ገመድ የሚገባው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የምትባል የጭነት መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በሚሳይል ተመትታ፣ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሦስት ገመዶች ሳትበጥስ አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። ጦርነት ስለነበረም ጥገናው ወራት ፈጀ። እንግዲህ አንዳንዴ ጥፋቱ ከጎረቤትም፣ ከራውተርም፣ ከአገርም ውጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? ወጣቱ ያስተማረን እነሆ።

አንደኛ፣ ራውተሩ አጠገብ ቁሞ ፍጥነቱን መለካት። እዚያ ደህና ከሆነና ጓዳ ውስጥ ከደከመ ጥፋቱ የግድግዳ ነው።

ሁለተኛ፣ ሌሎቹን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋዩ አስወጥቶ እንደገና መለካት። ከተሻሻለ ጥፋቱ የወረፋ ነው።

ሦስተኛ፣ ሌሊት በማለዳና ማታ በሁለት ሰዓት መለካት። ማለዳ ፈጥኖ ማታ ከተንቀራፈፈ ጭንቅንቁ ከቤት ውጭ ነው።

አራተኛ፣ ይህን ሁሉ በደብተር መጻፍ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን። በመዝገብ ቤት ዘመናችን ያየነው፣ «ሁልጊዜ አይሠራም» የሚል አቤቱታ ወዲያ ሲቀመጥ፣ ቀንና ቁጥር የያዘ ግን መልስ ሲያገኝ ነው።

አሁን ወደ እርቁ እንመለስ። በአርባው ዕለት ሁለቱን ቤቶች በአንድ ነደባ አስቀምጠን፣ ወጣቱ ወደ ቶሮንቶ ደወለ። የልጁ ምስል ጥርት ብሎ መጣ። «እስቲ አሁን ቪዲዮ ላኩ» አላቸው እነዚያን ሦስት ልጆች። ሲልኩ ምስሉ ደረቀ። «አቁሙ» አላቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሽማግሌ አልነበረም፤ አላስፈለገም። የሟቿ ታላቅ ልጅ ተነሥታ የጎረቤቷን ጉልበት ሳመች፤ እሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ አነሣት። በስልኩ ውስጥ የነበረውም ወንድሟ «ጋሼ፣ እኔንም ይቅር በሉኝ፤ እኔም ጠርጥሬዎት ነበር» አለ። ያች ቃል ሳትቆራረጥ ተሰማች።

ስለሆነም የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። የሐረሪ ወገኖቻችን በአፎቻቸው፣ እኛም በእድራችን፣ ሐዘን ሲደርስ ወንበሩንና ድስቱን እናቀርባለን፤ የማያስፈልገንን ቦታም ለሐዘንተኛው እንለቃለን። ከእንግዲህ መስመሩንም እንልቀቅለት። ውጭ አገር ያለ ልጅ በሚሰናበትበት ሰዓት አንድ ሰው ተመድቦ፣ የሌሎቻችን ስልክ ከዋይፋዩ እንዲወጣ ያድርግ፤ ቪዲዮ የሚልክም ከቀብር መልስ ይላክ። ስልኩም ራውተሩ ባለበት በኩል ይያዝ። ይህ መዋጮ አይጠይቅም። ጉባኤው ተወያይቶ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ ቢያስገባልን ደስ ይለናል።

ሟቾቻችንን ነፍስ ይማር።