የመጻተኛው ቃርሚያ
(በሬዲዮ የተነገረ)



በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ወራት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ይባላል። በነዚህ አርባ ቀናት ውስጥ ሊቃውንቱ በማኅሌት ቆመው የሚያስቡት የአንድ ቤተ ሰብ ስደት ነው። አረጋዊው ዮሴፍ፣ እመቤታችን ማርያምና ሕፃኑ ኢየሱስ ከሄሮድስ ሰይፍ ሸሽተው ወደ ግብፅ መውረዳቸውን ወንጌላዊው ማቴዎስ ጽፎልናል። እንግዲህ ይኸንን ታሪክ በልቡ የያዘ ክርስቲያን፣ ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ፣ ልጅዋን አዝላ በጠረጴዛው ፊት የቆመችውን ስደተኛ እንዴት አድርጎ ሊቀበላት ይገባዋል? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

የሙሴ ሕግ፣ አጫጅ የእርሻውን ዳር አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዛላ ተመልሶ እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተውላቸው አዝዟል። ስለዚህ የመጻተኛው እንጀራ ባለጸጋ ደስ ሲለው የሚሰጠው፣ ሲከፋው የሚነሣው ምጽዋት አልነበረም፤ በሕግ የተወሰነ ድርሻ ነበር።

ነገር ግን ሕግ ብቻውን እንጀራ ሆኖ አይበላም። ሞዓባዊቱ ሩት ባልዋ ከሞተባት በኋላ ከአማትዋ ከኑኃሚን ጋር ወደ ቤተ ልሔም መጥታ፣ በቦዔዝ እርሻ ልትቃርም ወጣች። መቃረሙ የተፈቀደላት ነው። ቦዔዝ ግን በዚህ ሳይወሰን፣ ጐልማሶቹ እንዳይነኳትና እንዳይገሥጿት አዘዘ፤ ሲጠማት ከቀዱት ውኃ እንድትጠጣ ነገራት፤ ከነዶውም ሆን ብለው ጥቂት ጥቂት እንዲጥሉላት አደረገ። በመሸም ጊዜ ሩት የቃረመችውን ገብስ ወቅታ፣ ከምሳዋ የተረፈውንም ይዛ ወደ አማትዋ ገባች።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው፣ እርሻውን የከፈተው ሕጉ ቢሆንም መጻተኛዋ ጠግባ ወይም አልቅሳ እንድትመለስ የሚያደርገው የአጫጆቹ ጠባይ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በእርሻው ላይ ጐንበስ ብላ የምትታየው አንዲት ሴት ብትሆንም፣ በቤት ተቀምጣ የምትጠብቅ ሌላ ሴት መኖርዋ ነው። መጻተኛ ብቻውን የመጣ ሲመስለን ከበስተኋላው ቤተ ሰብ አለ።

በአገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን ተሰደው የተጠጉ ሰዎች ቍጥር ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ልደታቸው፣ ጋብቻቸው፣ ፍችያቸውና ሞታቸው በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቍጥር 1110ም፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን መማርንና ሠርቶ መኖርን፣ እንዲሁም የቤተ ሰብን አንድነት መጠበቅን ደንግጓል። እርሻው ተከፍቷል ማለት ነው። አጫጆቹስ እነማን ናቸው? መዝገቡን የምንገልጥ፣ ማኅተሙን የምንመታ እኛ ነን።

የስደተኛውን ስም «ለጆሮ ይከብዳል» ብለን እንደ መሰለን የጻፍነው እንደ ሆነ፣ በወረቀት ላይ አባትና ልጅ ይለያያሉ። «ነገ ተመለሺ» የሚለውም ቃል ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ ለሰሚዋ ግን የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋና የመኪና ኪራይ ነው። የልደት ወረቀት የሌለው ሕፃንም የማን ልጅ እንደ ሆነና የት እንደ ተወለደ ማስረዳት ይቸገራል።

ምናልባት፣ «ለገዛ ወገናችን ያልበቃውን እንዴት ለእንግዳ እናካፍላለን?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም፤ ኑሮ የከበደው ሰው ጥያቄ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ድኻውንና መጻተኛውን በአንድ እርሻ ዳር ጐን ለጐን አቆማቸው እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አላስነሣም። ደግሞም መልካም ቃልና ትክክለኛ ጽሕፈት ከማንም ድኻ መሶብ አይቀነሱም።

ሌላው፣ «ርኅራኄ ደንብ ያፈርሳል» ይላል። ቦዔዝ ግን ሩትን ለማግባት በወደደ ጊዜ በከተማይቱ በር ተቀምጦ፣ በዐሥር ሽማግሌዎች ፊት ጉዳዩን በሥርዐት ፈጽሟል። የሚመረመረው ይመረመር፤ የማይፈቀደውም አይፈቀድ፤ ነገር ግን እምቢታው ከነምክንያቱ፣ ሰውን ሳያዋርድ ይነገር።

እኛም ብንሆን የስደትን መራራነት የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በያዘች ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን በኢየሩሳሌም፣ በሱዳንና በኬንያ ተጠግተው ኖረዋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከ160 ሺሕ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ እንዲወጡ ተደርገው ተመልሰዋል። ዛሬም እኅቱ ወይም ልጁ በዐረብ አገር በሰው ቤት የምታገለግልበት ሰው በመካከላችን ብዙ ነው። በዚያ አገር ያለ ጸሓፊ ለእርስዋ ያደርግላት ዘንድ የምንመኘውን፣ እኛ እዚህ ለሌላው እኅት ብናደርገው ሚዛኑ ትክክል ይሆናል።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ የሌላቸው ስደተኞች ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው ነበር። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ልጆች በሙዚቃ አገልግለዋል፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም ለረጅም ዘመን የተዘመረውን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል። ሩትም የንጉሥ ዳዊት ቅድመ አያት ሆናለች፤ ማቴዎስም ስምዋን በክርስቶስ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ጽፎታል። የቤተ ልሔም አጫጆች ግን ነዶውን ሲጥሉላት ይኸንን አያውቁም ነበር፤ ያዩት አንዲት የተራበች ባዕድ ብቻ ነው።

ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር ራሱን በእንግዳው ቦታ አድርጎ ተናግሯል። በቀኙ የሚቆሙትም እርሱን መቼ እንደ ተቀበሉት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ምናልባት ከእነርሱ አንዱ፣ በአንድ ተራ የሥራ ቀን የአንድን ስደተኛ ሕፃን ስም አጣርቶ በትክክል የጻፈ ጸሓፊ ይሆናል። እግዚአብሔር ለሁላችንም እንዲህ ያለውን ልብና እጅ ይስጠን።