ከወለድ ነጻ መሆኑን የሚያረጋግጥልን ማነው?
(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን ሃይማኖታችን ወለድን ስለሚከለክል ከባንክ ብድር ርቀን የኖርን ብዙዎች ነን። ገንዘብ ሲያስፈልገን መጠጊያችን እቁብና ዘመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ ባንክ ነባር ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ። በ2021 ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ ሥራ ጀመረ። በሩ በመከፈቱ ደስ ብሎናል፤ ስንገባ ግን ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ።

ሙራባሃ የሚባለውን እንመልከት። አንዲት እህታችን የልብስ ስፌት መኪና ፈለገች እንበል። ባንኩ መኪናውን ከነጋዴ ገዝቶ የራሱ ያደርጋል፤ ከዚያም የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሯት በዱቤ ይሸጥላታል። መኪናው ለእሷ ሳይሸጥ ቢሰበር ኪሳራው የባንኩ ነው። ትርፉን ሐላል የሚያደርገውም ይህ ኃላፊነት ነው። ባንኩ ምንም ሳይገዛ ብሩን በእጇ ሰጥቶ ሽያጭ የሚል ወረቀት ቢያስፈርማት ግን፣ ስሙ ተለወጠ እንጂ ነገሩ ወለድ ነው። የምትከፍለው ብር በሁለቱም አንድ ሊሆን ይችላል፤ እምነቷን ጠብቃ የመጣችው እህት ግን ሳታውቀው ከሸሸችው ነገር ውስጥ ትገባለች።

ታዲያ ይህን የሚቆጣጠረው ማነው? ባንኮች የሸሪዓ አማካሪ ዑለማዎች አሏቸው። ችግሩ አበላቸውን የሚከፍለው ያው ባንክ መሆኑ ነው። ፊቅህ የሚያውቀው ሒሳብ ላያውቅ፣ ሒሳብ የሚያውቀውም ፊቅህ ላያውቅ ይችላል። ውሉን ማጽደቅ ብቻም አይበቃም፤ በየቅርንጫፉ የተሠራው ካልተመረመረ የጸደቀው ወረቀት ላይ ይቀራል። ማሌዥያ በማዕከላዊ ባንኳ ሥር የሸሪዓ ምክር ቤት ያቋቋመችው በ1997 ነው።

ጉዳቱም በሌላ አገር ታይቷል። በ2017 የሻርጃው ዳና ጋዝ ኩባንያ፣ ሸሪዓን ያሟላል ተብሎ የሸጠውን 700 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ሱኩክ አሁን ከሸሪዓ ጋር አይስማማም ብሎ አልከፍልም አለ። ሱኩኩን አምነው የገዙ ሰዎች በየፍርድ ቤቱ ለመከራከር ተገደዱ።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ዕቃውን መጀመሪያ የሚገዛው ማነው? ደረሰኙ በማን ስም ነው? ክፍያ ብናዘገይ ቅጣቱ ለባንኩ ገቢ ይሆናል ወይስ ለበጎ አድራጎት ይውላል? የሸሪዓ ምርመራውን የሠራው ማነው፣ ውጤቱስ ይነገረናል? መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡን የምንከፍለው እኛ ነን።

ደጋፊዎቻችንም ለመነሻ ካፒታል ስትረዱን፣ ውል አንብበን የምንረዳበትን ሥልጠና አብራችሁ እንድታስቡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።