ስለ እንጨት መቦርቦሪያ ጠረጴዛ አሠራር
ለሸነንና ለአካባቢዋ ተማሪ ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር



የእንጨት ሥራ በምዕራብ ሸዋ ገጠር ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሙያ ነው። ባለሙያው በመጥረቢያና በመሮ በርጩማውን፥ ገበታውንና የበሩን መቃን እየጠረበ ቤቱን ሲያደራጅና ጎረቤቱን ሲረዳ ኖሯል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ኤሌክትሪክ በገባበት ስፍራ ሁሉ ሩተር የሚባለው መሣሪያ የመሮን ሥራ እጅግ ያፋጥናል። ይህ መሣሪያ ስለቱን በደቂቃ ከ10,000 እስከ 24,000 ጊዜ ያህል የሚያዞር ሞተር ነው፤ በእንጨት ላይ ቦይ ይቈፍራል፥ የሳንቃን ጠርዝ ያለዝባል፥ የመስኮት መስታወት የሚያርፍበትንም እርከን ያወጣል።

መሣሪያውን በእጅ ይዞ በሰፊ ሳንቃ ላይ መንዳት ይቻላል። ነገር ግን እንጨቱ ጠባብ ሲሆን መሣሪያው የሚያርፍበት ስፍራ አጥቶ ይወላገዳል። የዚህ መላ ነገሩን መገልበጥ ነው፤ ሞተሩ ከጠረጴዛ ሥር ይታሰራል፥ ስለቱ በቀዳዳ ወደ ላይ ብቅ ይላል፥ እንጨቱም በመደገፊያ ተመርቶ ወደ ስለቱ ይገፋል።

እንዲህ ያለው ጠረጴዛ በፋብሪካ ከብረትና ከአሉሚንየም ተሠርቶ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። አንድን ምሥጢር የተረዳ ሰው ሳይገዛ ሊሠራው ይችላል። ይኸውም የመጋዝ ጠረጴዛ መደገፊያ ከመጋዙ ጋር ትይዩ መሆን ግዴታው ሲሆን፥ የዚህ ጠረጴዛ ስለት ግን ክብ ስለ ሆነ መደገፊያው ወደየትም ቢያዘነብል ለስለቱ አንድ ነው። ከመደገፊያው የሚፈለገው ቀጥ ያለ መሆኑና በጠረጴዛው ፊት ላይ በትክክለኛ ማዕዘን መቆሙ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በብሎን ተክሎ ሌላውን በማሰሪያ ማጥበቅ ይበቃል። ስለቱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ከሆነ፥ ልቅ የሆነው ጫፍ 2 ሚሊሜትር ሲገፋ መደገፊያው በስለቱ አጠገብ 1 ሚሊሜትር ይንቀሳቀሳል፤ እንዲህ ሆኖ ረቂቅ ልክ ያለ ውድ መሣሪያ ይገኛል።

የጠረጴዛው ፊት ከአንድ ሰፊ ሳንቃ ባይሠራ ይሻላል። ሳንቃ በክረምት እርጥበት ያብጣል፥ በበጋ ድርቀት ይኰማተራል፥ በዚህም ይጣመማል። ኮምፔንሳቶ የሚባለው ተደራራቢ ጣውላ ግን ሽፋኖቹ በመስቀለኛ ስለሚተኙ ጠባዩ የጸና ነው። ሁለት ባለ 18 ሚሊሜትር ጣውላ በኮላ ቢጣበቅ 36 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፊት ይሆናል። ሞተሩ የሚሰቀልበት 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአሉሚንየም ዝርግ ከፊቱ ጋር እኩል ይስተካከል፤ ጥፍር ሲያልፍበት እንቅፋት አያግኝ። ከፍታው ለቆመ ሰው 90 ሴንቲሜትር ያህል ይበቃል።

ለእግሮቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባሕር ዛፍ ይሆናል። ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ነፋስ እንዲያልፍበት በቀጫጭን እንጨት ተለይቶ በጥላ ሥር ይደርደር፥ አንድ በጋም ይሰንብት። ለዚህ ሥራ የጅባትን ደን መድፈር አያስፈልግም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ጽድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ የከለከለውም እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ስለ ሄዱ ነው።

ሞተሩን የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ኀይል ይመልከት። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። ፍጥነቱ የሚቀነስ መሆኑም ይመርመር። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስለት በ24,000 ዙር ሲሽከረከር ጠርዙ በሴኮንድ ከ60 ሜትር በላይ ይሮጣልና፥ ለእንዲህ ያለው ስለት ዙሩ ወደ 12,000 ወይም ከዚያ በታች ዝቅ ይደረጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእጅ ጥበቃ ነው። ሠራተኛው ፊቱን ወደ መደገፊያው አድርጎ ሲቆም እንጨቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይገፋል፤ በዚህ ጊዜ የስለቱ ዙር እንጨቱን ይቋቋመዋል፥ ወደ መደገፊያውም ያስጠጋዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ቢገፋ ግን ስለቱ እንጨቱን ነጥቆ ይወረውራል፥ እጅንም ወደ ራሱ ይስባል። እንጨትን በስለቱና በመደገፊያው መካከል ማሳለፍም ፈጽሞ አይገባም። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊሜትር በላይ አይቈረጥ፤ ጥልቅ ቦይ በመደጋገም ይወጣል። ትንንሽ እንጨት በጣት ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋ። ጋቢና ነጠላ ለብሶ ወይም የእጅ ሹራብ አጥልቆ ወደ ጠረጴዛው መቅረብ አደጋ ነው፤ ዓይን በመነጽር፥ አፍንጫም ከብናኝ በመሸፈኛ ይጠበቅ። ስለት በሚለወጥበት ጊዜ ገመዱ ከኤሌክትሪኩ ይነቀል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ በችኮላ የተሠራ ጠረጴዛ በሥራ ላይ ይከዳል። ስለዚህ መምህሩ ሞተሩ ከመሰቀሉ በፊት የጠረጴዛውን ፊት በቀጥተኛ ብረት፥ መደገፊያውን በማዕዘን መለኪያ፥ እግሮቹንም በመነቅነቅ ይፈትን፤ የመጀመሪያውም ቈረጣ በቁርጥራጭ እንጨት ላይ ይሁን። ተማሪውም መምህሩ በአጠገቡ ሳይቆም ማብሪያውን አይንካ። የተበላሸ ሳንቃ በሌላ ሳንቃ ይተካል፤ ለጣት ግን ምትክ የለውም።