አዋሽ ሰባት፦ አዳር የቆረቆራት ከተማ



ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ያነሳ ሹፌር ጋላፊን አልፎ፣ ሎጊያንና ሚሌን ተሻግሮ፣ የገዋኔን ሜዳ ጨርሶ አዋሽ ሰባት ሲገባ ብዙውን ጊዜ ጀንበር አዘቅዝቃለች። ተሳቢውን ዳር ያስይዛል። ረዳቱ ብረት ይዞ ይወርድና ጎማዎቹን ተራ በተራ እየመታ ድምፃቸውን ያዳምጣል፤ የተጠራጠረውን ለጎሚስታ ያሳያል። ከዚያ የፍየል ጥብስ፣ ሻይ፣ አልጋ። ሊነጋጋ ሲል ሞተር ይነሳል። እንዲህ እየተመላለሰ ዓመታት የሚያድርባት ሹፌር ግን ከአስፋልቱ ዳር ካሉት ሆቴሎች ጀርባ ምን እንዳለ ሳያይ ይኖራል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የሚያሳየው ሰው አላገኘም።

ይህ ይበልጥ የሚያስቆጨው አዋሽን የቆረቆራት ራሱ አዳር በመሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ጉዞው ሦስት ቀን ስለሚፈጅ፣ ተሳፋሪው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድር ነበር። ለዚህ ተሳፋሪ ነው ከጣቢያው ፊት ለፊት ቡፌ ዳዋሽ የተባለው ማረፊያ የተሠራው፤ ሰፊ በረንዳ፣ ቡጌንቪሊያ የወረሰው ግቢ፣ ከሙቀት የሚያስጥል ወፍራም ግድግዳ። መኳንንቱም ነጋዴውም የውጭ አገር እንግዳውም እዚያ አርፏል። የዛሬው ባለ ተሳቢ ሹፌር የእነዚያ ተሳፋሪዎች ተተኪ ነው።

ከጣቢያው አለፍ ብሎ በእግር የሚደረስበት የአዋሽ ሸለቆ አለ። ሜዳው በድንገት ይሰነጠቅና ወንዙ ከታች ከገደሉ ሥር ይታያል። የማታ ብርሃን የገደሉን ድንጋይ ሲያቀላው ማየት ሌላ ነገር ነው። አዋሽ ከግንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ባሕር ግን አይደርስም፣ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሹፌሩ ከዚህ ወደ ሚሌ ሲነዳ የወንዙን ሸለቆ ይዞ ነው የሚወርደው። ከሚሌ ብዙም በማይርቀው ሐዳር፣ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ተገኝታለች። በየሳምንቱ በዚያ የሚያልፍ ሰው ይህን ሊነገረው ይገባል።

ደስ የማይለውም ታሪክ መነገር አለበት። ጥር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ የመጣ ባቡር አዋሽ አቅራቢያ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ፤ 400 ያህል ሰዎች አለቁ። መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው ከዚህ የቀረበ ታሪክ የለም።

ከከተማው በምዕራብ በኩል የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሠረተ፤ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አውራ ጎዳናው መሀሉን ሰንጥቆ ያልፋል። ሳላ የሚባለው ቀጥ ባለ ረጅም ቀንዱ የሚታወቀው አጋዘን ማለዳ ማለዳ ከመንገዱ ሳይርቅ ይታያል። ከፓርኩ በላይ 2,007 ሜትር የሚደርሰው የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ አካባቢውን ደጋግሞ ያናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቀየው አስነስቷል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ፍል ውኃ ግን ለአንድ ሌሊት አዳሪ አይመከርም፤ መንገዱ ሸካራና ሩቅ ስለሆነ ቀን ሙሉ ይጠይቃል። እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለው የአዋሽ ፏፏቴ ይሻላል።

ታዲያ ሹፌሩ ለምን አይሄድም? መኪናውን ጥሎ መሄድ አይችልማ! በተሳቢው ላይ የሰው ንብረት አለ። ጥበቃው አስተማማኝ ካልሆነ ከዓይኑ አያርቀውም። ስለዚህ የከተማው የመጀመሪያ ሥራ የታመነ የመኪና ማቆሚያ ነው እንጂ ሆቴል መጨመር አይደለም። ሁለተኛው ሥራ ወጪው ትንሽ ነው፦ ጣቢያውን፣ ቡፌውንና ሸለቆውን በባጃጅ የሚያዞሩ፣ ታሪኩን የሚያውቁ የአካባቢው ወጣቶች።

ለአካባቢው አፋር ለመንገደኛ ወሬ ማካፈል አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ሰላሙስ እንዴት ነው ይባባላሉ። ሹፌሮችም ከሻይ ቤት ሻይ ቤት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ መንገዱ የት ተቆረጠ፣ ኬላው ላይ ምን ያህል ያቆያል እያሉ። የአዋሽ ወጣት ታሪኩን ይዞ ከዚያ ጨዋታ መሀል ቢቀመጥ የሚያዳምጠው አያጣም። ሲጀምርም ከጣቢያው ይጀምር፤ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበርድና ሹፌሩ እራት እስኪቀርብለት ሲጠብቅ።