የሰሜን ብርሃን ፍለጋና የጥንቃቄ ልክ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ከዕለት ሥራችን ጥቂት ራቅ ያለ ርእስ መርጬ እንድናገር የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ስለ ሰሜን ብርሃን፣ ይልቁንም ይህን ብርሃን ለማየት በበረዶው ወራት ወደ ስዊድን ሰሜናዊ ጠረፍ ስለ ተደረገ አንድ ጉዞ ለመናገር ወሰንሁ። ርእሱ የሽርሽር ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መሐንዲስ ዕድሜውን ሙሉ የሚጋፈጠው አንድ ጥያቄ በዚህ ጉዞ ውስጥ ተገልጦ አግኝቼዋለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አጥብቀን ከምንመኘው ነገር ደጃፍ በደረስን ጊዜ፣ አስቀድመን በረጋ መንፈስ የወሰንነውን የጥንቃቄ ልክ እንጠብቃለን ወይስ እንጥሳለን?

በመጀመሪያ ስለ ብርሃኑ ምንነት ጥቂት ልበል። ፀሐይ ከብርሃንና ከሙቀት በተጨማሪ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ያለማቋረጥ ወደ ጠፈር ትረጫለች። የምድራችን መግነጢሳዊ መስክ አብዛኞቹን ወደ ጎን ያሳልፋቸዋል። ከፊሉ ጉልበት ግን በመስኩ ውስጥ ይከማችና፣ በኋላ ኤሌክትሮኖችን በመስኩ መሥመሮች ላይ እየነዳ በዋልታዎቹ ዙሪያ ወደ ታች ያወርዳቸዋል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች ከላይኛው አየር ጋር ሲጋጩ፣ አየሩ የተቀበለውን ጉልበት በብርሃን መልክ ይመልሰዋል። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ኦክሲጅን አረንጓዴውን ቀለም ይሰጣል፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያው ኦክሲጅን ቀዩን ይሰጣል፤ ሰማያዊውና ሐምራዊው ደግሞ የናይትሮጅን ነው። ብርሃኑ ዘወትር የሚታየው በመግነጢሳዊው ዋልታ ዙሪያ እንደ ቀለበት ከተዘረጋ ቀበቶ ሥር ሲሆን፣ የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍሎች በዚሁ ቀበቶ ሥር ይገኛሉ።

ይህን ለማወቅ ረጅም ዘመን ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1741 አንደርስ ሴልሲየስና ኦሎፍ ዮርተር ኡፕሳላ ከተማ ውስጥ ሆነው፣ ብርሃኑ በሚታይበት ሌሊት የኮምፓስ መርፌ እንደሚናወጥ አስተዋሉ። ኖርዌያዊው ክሪስቲያን ቢርክላንድ በ1899 በአልታ አጠገብ በሃልዴ ተራራ አናት ላይ የምርምር ጣቢያ አሠራ፤ በኋላም በቤተ ሙከራው ውስጥ የምድርን አምሳል በሆነ መግነጢሳዊ ሉል ላይ የኤሌክትሮን ጨረር እየለቀቀ፣ በዋልታዎቹ ዙሪያ ትንሽ የብርሃን ቀለበት ፈጥሮ አሳየ።

ነገሩ ከእኛም አገር ጋር ዝምድና አለው። ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት፣ በስዊድን ሰሜን በኪሩና ከተማ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ሲከፈት፣ በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን የሚመራው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቋመ። አዲስ አበባ የተመረጠችው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ በመሆኗ ነው። በኪሩና ሰማይ ላይ ብርሃኑን የሚያነድደው ታላቅ መግነጢሳዊ ማዕበል፣ በአዲስ አበባ መሣሪያ ላይም መሥመሩን ያናውጠዋል። እዚያ በዓይን የሚታየው እዚህ በመርፌ ይነበባል ማለት ነው። ማዕበሉም ለዓይን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ በማርች 1989 የካናዳን የኩቤክ የኤሌክትሪክ መረብ ጥሎ፣ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለዘጠኝ ሰዓት ገደማ ያለ መብራት አሳድሯል።

እንግዲህ ይህን ብርሃን ለማየት የሚነሣ ሰው ሁለት ነገሮች ከእጁ ውጭ መሆናቸውን ማወቅ አለበት፤ አንደኛው ፀሐይ፣ ሁለተኛው ደመና ነው። ከፀሐይ የተወረወረ ትልቅ ደመና መሰል የቅንጣት ክምችት ምድር ለመድረስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። የመጨረሻው እርግጠኛ ማስጠንቀቂያ የሚገኘው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው ከቆሙ ሳተላይቶች ሲሆን፣ እርሱም ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። የማዕበሉ ኃይል ከ0 እስከ 9 በተዘረጋ መለኪያ ይነገራል። መለኪያው 7 ቢደርስም ደመና ካለ ምንም አይታይም። ቤት መኪና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ደመናው ባይለቅ ተጓዡ ደመናውን ለቅቆ ይሄዳል።

ቤት መኪና ስል መኝታ፣ ምድጃ፣ የውሃ ታንክና ማሞቂያ በውስጡ የተሠራለትን መኪና ማለቴ ነው። ስዊድኖች «ሁስቢል» ይሉታል፤ ትርጉሙም ቃል በቃል ቤት መኪና ነው። ይህ ቤት ከዜሮ በታች 25 እና 30 ዲግሪ በሚወርድ ብርድ ውስጥ ሲገባ፣ እያንዳንዱ ክፍሉ የየራሱን ጥያቄ ያነሣል። ቡቴን የተባለው ጋዝ በዜሮ ዲግሪ ገደማ መትነኑን ስለሚያቆም፣ እስከ ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ የሚተንነውን ፕሮፔን መያዝ ግድ ነው። ናፍጣ በብርድ ሰም እየቋጠረ ማጣሪያውን ስለሚደፍን፣ ለብርድ የተዘጋጀውን ናፍጣ በሰሜን ከሚገኙ ማደያዎች መቅዳት ያስፈልጋል። ከመኪናው ሥር ያለው የእጣቢ ውሃ ታንክ በረዶ እንዳይሆን ቧንቧው ተከፍቶ ባልዲ ይደረግበታል። የእጅ ፍሬን ተይዞ ካደረ በረዶ ሊያጣብቀው ስለሚችል፣ መኪናው በማርሽና በጎማ ታኮ ይቆማል። በትንፋሽና በማብሰያ እንፋሎት የሚፈጠረው እርጥበት ግድግዳው ላይ አመዳይ ስለሚሆን፣ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ እንኳ መስኮት ጥቂት መክፈት ይገባል። የማሞቂያው ጭስ መውጫ በበረዶ ቢደፈን በመርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ መታፈን ስለሚያስከትል፣ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወል ሳይያዝ አይኬድም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ባትሪው ነው። ሙቀቱ የሚገኘው ከጋዝ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ጋዙን የሚያቀጣጥለው፣ የሞቀውንም አየር በቤቱ ውስጥ የሚያዞረው ማራገቢያ ግን በባትሪ ይሠራል። የቮልቱ መጠን ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲደርስ አቅሙ ወደ ግማሽ ይቀንሳል። ጣሪያ ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳም በዚያ ወቅት ጥቅሙ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ጋዝ የያዘ ሰው በአንድ ደካማ ባትሪ ምክንያት በብርድ ሊያዝ ይችላል። የአንድ ሥራ ጽናት የሚለካው በደካማው ክፍሉ ነው የምንለው በዚህ ቤት ውስጥ በግልጽ ይታያል።

በፌብሩዋሪ 2023 ከሁለት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ከስቶክሆልም ተነሣን። አንዱ ከሁላችንም አንጋፋ፣ ሌላው ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ነበር። ከመነሣታችን በፊት ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አምስት ደንቦችን በደብተር ጻፍን፤ ሦስታችንም ፈረምን። ሦስተኛው ደንብ፣ «ማሞቂያው እየሠራ ቮልቱ ከ12 በታች ከወረደ፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ወዳለበት ማደሪያ እንሄዳለን» የሚል ነበር።

መንገዱ በባሕሩ ዳርቻ በሱንድስቫል፣ በኡሜዎና በሉሌዎ በኩል ያልፍና፣ ከዚያ ወደ መሐል አገር ታጥፎ ወደ ኪሩና ይወጣል፤ ርቀቱ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሳሚ ሕዝብ አጋዘኖች በመንጋ ሆነው መንገዱ ላይ ስለሚቆሙ በዝግታ መንዳት ያስፈልጋል። ከኪሩና ወደ ናርቪክ የሚወስደውና በ1984 የተከፈተው መንገድ የቶርኔትሬስክን ሐይቅ ደቡባዊ ዳር ይዞ ወደ አቢስኮ ይደርሳል። ከአትላንቲክ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ዝናቡንና በረዶውን በኖርዌይ ተራሮች ላይ አራግፎ ስለሚያልፍ፣ አቢስኮ በዓመት የምታገኘው 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰማይዋም ከአካባቢው ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች በደመና አለፉ። በአምስተኛው ሌሊት፣ መብራት ከሌለበት የሐይቅ ዳር ቆመን ሳለ ሰማዩ ጠራ፤ ትንበያውም በእኩለ ሌሊት ገደማ ብርቱ ማዕበል እንደሚደርስ ነገረ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ውጭው ከዜሮ በታች 27 ዲግሪ ነበር። መለኪያውን ባየሁ ጊዜ 11.8 ቮልት ያሳያል።

ወጣቱ ባልደረባችን ወደ አንጋፋው ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶልን፣ ሦስት ሰዓት መታገሥ ያቅተናል?» አለ። በወሩ መጨረሻ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ በመሆኑ፣ ይህ ዕድል ቶሎ እንደማይመለስለት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ክርክሩም ባዶ አልነበረም፤ ጋዙ ሙሉ ነው፣ ብርድ ልብስ አለ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ባትሪውን መሙላት ይቻላል አለ። እኔም በበኩሌ፣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ጭሱ በበረዶ ቢታፈን የሚያመጣውን፣ የሞተሩም ባትሪ በዚያው ብርድ ውስጥ መሆኑን፣ በአካባቢው አንድም ሌላ መኪና አለመኖሩን ተናገርሁ። አንጋፋው ሁለታችንንም ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ባትሪው ሰማይ መጥራቱን አያውቅም። እስቲ ደብተሩን አምጣው» አሉት። ሦስተኛውን ደንብ ያነበበው እርሱ ራሱ ነበር። አንብቦም ሳይናገር የጎማውን ታኮ ለማንሣት ወረደ።

ኤሌክትሪክ ያለበት ማደሪያ ስንደርስ በመብራትና በዝቅተኛ ጉም ተከብቦ አገኘነው። ያን ሌሊት አንዳች ብርሃን አላየንም። በማግስቱ የኪሩናን ጣቢያ የመለኪያ ሥዕል ስንመለከት፣ በእኩለ ሌሊት መሥመሩ ክፉኛ ተናውጦ ነበር፤ የለቀቅነው ስፍራም ጥርት ብሎ ማደሩን በዚያ በኩል ካለፉ መንገደኞች ሰማን። ከሁለት ሌሊት በኋላ በሰሜን አድማስ ላይ ጭስ የመሰለ ግራጫ ቅስት ታየ። የሰው ዓይን በጨለማ ቀለም የመለየት ኃይሉ ስለሚደክም፣ ደካማው ብርሃን ለእኛ ግራጫ ሆኖ ሳለ በካሜራው ላይ አረንጓዴ ነበር። ለጥቂት ደቂቃ ጎላ ብሎ አረንጓዴነቱ ለዓይናችንም ተገለጠ፤ እንደ መጋረጃ ጫፍ ተወዛወዘና ከሰመ። ከዚህ ጉዞ ያገኘነው ይኸው ነው።

ወጣቱ በመመለሻው መንገድ ላይ፣ «ታዲያ ውሳኔያችን ትክክል ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ለዚህ ጉባኤ ላቀርበው የወደድሁት መልስ የሚከተለው ነው። በዚያ ሌሊት ብንቆይ ምናልባት ምንም አይደርስብንም ነበር፤ ታላቁንም ብርሃን እናይ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ መሄዳችን ትክክል ነበር። ውሳኔ የሚመዘነው በተወሰነበት ሰዓት በሚታወቀው ነገር ነው። በኋላ በሆነው ብቻ ከመዘንነው፣ በዕድል የዳነውን ግድየለሽ ጠቢብ እንለዋለን፤ ጥንቃቄውን የጠበቀውንም ፈሪ እንለዋለን። በዕድል የዳነ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ልኩን ጥቂት አልፎ ይሄዳል።

ይህም የቤት መኪና ነገር ብቻ እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ምሽት የሮኬቱ ሠሪ መሐንዲሶች፣ የመገጣጠሚያው የጎማ ቀለበት በብርድ እንደሚደርቅ አስረድተው፣ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ እንዳትነሣ መክረው ነበር። ከዚያ በፊት ቀለበቶቹ ጉዳት እየደረሰባቸው ብዙ በረራዎች በሰላም ተመልሰው ስለ ነበር፣ የዳኑበት ዕድል እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። የመነሣት ጉጉት በረታ፤ ምክሩም ታለፈ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። የጥንቃቄ ልክ የሚታጠቀው ሩጫው ሳይጀመር ነው። ስለዚህ ልኩ በቁጥር ይጻፍ፤ «በጣም ከቀዘቀዘ» የሚል ደንብ በምኞት ሰዓት እንደፈለጉ ይተረጎማልና። የሚጽፉትም ራሳቸው የሚታዘዙበት ሰዎች ይሁኑ፤ ወጣቱ ባልደረባችን ታኮውን ያነሣው ፊርማው ከደንቡ ሥር ስለ ነበረ ነው። በልኩ ምክንያት የቀረ ነገር ሲኖርም፣ የቀረበት ሰው ኀዘኑን ይናገር ዘንድ እንፍቀድለት። ጥንቃቄ ዋጋ የለውም ብለን የምንሰብክ ከሆነ፣ ዋጋውን የከፈለው ወጣት አያምነንም።

ያ ወጣት ዛሬ በሚሠራበት አገር አንድ የሥራ ቡድን ይመራል። በቅርቡ በላከልኝ ደብዳቤ፣ አዲስ ሥራ ሲጀመር ሠራተኞቹን ሰብስቦ ደንቡን በቁጥር እንደሚያጽፍና እንደሚያስፈርም ነግሮኛል። ታላቁን የሰሜን ብርሃን እስከ አሁን አላየም፤ ለማየት ያለው ምኞት ግን አልቀነሰም።