የአናጢዎቹን ስም ማን ይጠራል?

 

ነቀምቴ አምስት ዓመት ስማር በኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት በር አልፋለሁ እንጂ አንድ ቀን ገብቼ አላየሁም። የግንባታ ተማሪ ነኝ ባይ! በክፍል ግን ስለ ሃንጋሪያዊው አርክቴክት ኢምሬ ሽታይንድል ሰምተናል። የቡዳፔስትን ፓርላማ በጥንቱ የጎቲክ ስልት የነደፉ ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1885 ተጀምሮ በ1904 ሲያልቅ እሳቸው አልነበሩም፤ በ1902 አርፈዋል። ስማቸው ግን ከሕንፃው ጋር አለ።

በተመረቅሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በአንዲት የወለጋ ከተማ፣ በእንጨት በረንዳ የተከበበ አሮጌ ቤት እንድመረምር ተላክሁ። «ለጥገና አይሆንም፣ ይፍረስ» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ። ምሰሶዎቹ ሲነቀሉ ውስጣቸው ደረቅ፣ ምስጥ ያልነካው ሆኖ ተገኘ። ቆመው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይሄን ማን እንደሠራው ጠይቀህ ነበር?» አሉኝ። አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ኩምሳ ሞሮዳ ግቢ የገባሁት። በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር የተባሉትን ደጃዝማች ኩምሳን ሁላችንም እናውቃለን። እንጨቱን የጠረቡትን ግን ማን ይጠራል?

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ልመና አለኝ። የመመረቂያ ሥራ የሚሠሩ ልጆች በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ለክተው ይሣሉ፤ የሠሪዎቹንም ስም ሽማግሌዎች ሳያልፉብን ጠይቀው ይጻፉ። ሜትሩን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ፤ ዕዳ አለብኝና።