የደም ልኬትና የአረጋውያን የዳሌ ስብራት



መሐንዲስ ስለ አጥንትና ስለ ደም ሊናገር ሲነሣ «የራስህን ሥራ ያዝ» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ሙያዬ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን መጠገንና ልካቸውን ማረጋገጥ ስለሆነ፣ ከመሣሪያው የሚወጣው ቁጥር በሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያስወስን መጠየቅ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለዚህ ያነሣሣኝ የአያቴ ነገር ነው። አያቴ ቆቦ በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ላይ በማለዳ ወደቁ። ዘመድ ተሰብስቦ ወጌሻ ተጠራ፤ እርሱም እንደ ልማዱ አሽቶ አሰረ። ሐኪም ዘንድ የደረሱት በስድስተኛው ቀን ነበር። የምርመራው ወረቀት ሄሞግሎቢናቸው በዴሲሊትር 9 ግራም መሆኑን ያሳይ ነበር፤ አንድ ባለሙያም አይቶት «ዕድሜአቸው ገፍቷል፣ ደማቸውም አንሷል፤ ወደ ቤት ውሰዷቸውና ይረፉ» አለን። ወሰድናቸው፤ በሦስተኛው ወር ዐረፉ። ያ ቁጥር ሞታቸውን ተነበየን? ወይስ እኛ ቁጥሩን ተመርኩዘን ተስፋ ቆረጥንባቸው?

እንደሚታወቀው በእርጅና ዘመን አጥንት ይሳሳል፤ በመሆኑም ከቁም የሆነ ውድቀት ብቻ የጭኑን አጥንት አንገት ሊሰብር ይችላል። ጉዳቱም በአጥንቱ አይወሰንም። የተኛው አረጋዊ ሳንባው ይታመማል፣ በእግሩ ሥር ደም ይረጋል፣ ገላው ይቆስላል፣ ምግብ ይዘጋዋል። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይደርሳሉ። ስለሆነም ሐኪሞች ማን ይበልጥ እንደሚያሰጋ ለማወቅ ደምን ይመረምራሉ። ሄሞግሎቢን ሲያንስ፣ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በዴሲሊትር ከ3.5 ግራም ሲወርድ፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያመለክተው ክሬአቲኒን ሲጨምር፣ ከነጭ የደም ሕዋሳትም ኒውትሮፊል በዝቶ ሊምፎሳይት ሲያንስ፣ አደጋው ከፍ እንደሚል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የወጣው ማስያ ሰባት ነገሮችን ይደምራል፤ ከሰባቱም የደም ልኬት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በሽተኛው ሆስፒታል ሲገባ ከ10 ግራም ያልበለጠ ሄሞግሎቢን ነው።

ይሁን እንጂ ጠቋሚና መንስኤ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመ፣ በአሜሪካና በካናዳ በተካሄደ ሙከራ፣ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ 2,016 በሽተኞች በሁለት ተከፈሉ። ለአንደኛው ወገን ሄሞግሎቢኑ ከ10 ሲወርድ፣ ለሌላው ግን ከ8 ሲወርድ ወይም የደም ማነስ ምልክት ሲታይ ደም ተሰጠ። በሞትም ሆነ ራስን ችሎ በመራመድ ረገድ ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ብቻውን ዕድሜ አይጨምርም፤ 9 የሚል ቁጥርም በራሱ ቀዶ ሕክምናን የሚያስከለክል አልነበረም።

ደግሞም እኛ መሐንዲሶች ሚዛን ከመነበቡ በፊት በምን እንደ ተስተካከለ እንጠይቃለን። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሄሞግሎቢን ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በአንዲስ ተራሮች ተመሳሳይ ከፍታ ላይ ከሚኖሩት ያነሰ ነው። የኒውትሮፊል ቁጥርም በብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከአውሮፓውያኑ ልክ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቆቦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ወባ የሚመላለስበት አገር ነው። ስለዚህ ለሌላ ሕዝብ የተወሰነ ልክ በራያ አረጋዊት ላይ ሳይረጋገጥ ሊጫን አይገባም።

ከእነዚህ ጠቋሚዎች ሁሉ ይልቅ በእጃችን ያለው ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምናው ቢዘገይ ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ይመከራል። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወልድያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አያቴን ስድስት ቀን ያስቆያቸው የመንገዱ ርዝመት አልነበረም፤ የእኛ የቤተሰቦቻቸው አለማወቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች መሣሪያዎቻቸው ተዘርፈውና ተሰባብረው እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ መሣሪያ በሌለበት ደግሞ መንገዱ ቢያጥርም ጥቅሙ ያንሳል።

ስለሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በየወረዳው ያሉ የደም መቁጠሪያዎች በመቆጣጠሪያ ናሙና በየቀኑ እንዲፈተሹና የማያቋርጥ ኃይል እንዲያገኙ ሙያችንን እንስጥ። ሁለተኛ፣ የአገራችንን ጤነኛ አረጋውያን ልክ ለማወቅ ከሐኪሞች ጋር እንሥራ። ሦስተኛ፣ በውጤት ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን የወደቁበትና ደም የሰጡበት ሰዓት ይጻፍ፤ ደም እንዲዘጋጅ፣ ፈሳሽ እንዲሰጥ፣ ምግብ እንዲጠናከር የታዘዘውም ይከተል።

የአያቴ ወረቀት ዛሬም በእጄ ይገኛል። 9 የሚለው ቁጥር በጉልህ ተጽፎበታል፤ ቀጥሎ ምን ሊደረግላቸው እንደሚገባ ግን አንድም ቃል የለበትም።